አርአይኤስ ስንተክል የምንሠራቸው ስህተቶች

ሙሉ ስሙ ሪኮንፊጉረብል ኢንተለጀንት ሰርፌስ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰሌዳ ሲሆን፣ ፊቱ በመቶዎችና በሺዎች በሚቆጠሩ ጥቃቅን የብረት ቁርጥራጮች ተሸፍኗል። ቁርጥራጮቹ የሚያርፍባቸውን ሲግናል ፌዙን (የሞገዱ ከፍታና ዝቅታ የሚመጣበትን ጊዜ) እያስተካከሉ ወደ ተፈለገው ስልክ ይመልሱታል። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያጓጓል። ሲተከል ግን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በእነዚህ ነው።

መሃል ላይ መስቀል። ለሞባይል ኔትወርኩ ታወርም ለተጠቃሚውም እኩል ቢርቅ ፍትሐዊ ይመስላል። ስሌቱ ግን ሌላ ነው። ሲግናሉ የሚዳከመው በሁለቱ ርቀቶች ብዜት እንጂ በድምራቸው አይደለም። በመካከላቸው 200 ሜትር አለ እንበል። መሃል ላይ 100 በ100፣ 10,000 ይመጣል። ተጠቃሚው ጋ 20 ሜትር ድረስ ብናስጠጋው 180 በ20፣ 3,600 ብቻ ነው። ኃይሉ ደግሞ የሚወድቀው በብዜቱ ካሬ ስለሆነ ልዩነቱ ከ7 እጥፍ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ወይ ታወሩ ጋ ወይ ተጠቃሚው ጋ ይጠጋ።

ሰሌዳውን ማሳነስ። ቁርጥራጮቹ በእጥፍ ሲጨምሩ የሚደርሰው ኃይል 4 እጥፍ ይሆናል። በጥቂት ደርዘን ቁርጥራጭ ለውጥ መጠበቅ የዋህነት ነው። ፍሪኩዌንሲውንም አይርሱ፦ 100 በ100 ቁርጥራጭ ያለው ሰሌዳ ጎኑ በ28 ጊጋኸርዝ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው፤ በ3.5 ጊጋኸርዝ ግን ከ4 ሜትር ይበልጣል። ያንን የሚሸከም ግድግዳ ይፈልጉ እንግዲህ!

ስልኩ የት እንዳለ ማን እንደሚነግረው አለማሰብ። ሰሌዳው ያንጸባርቃል እንጂ ሲግናሉን አያዳምጥም። የሁሉንም ቁርጥራጭ መንገድ አንድ በአንድ ለመለካት ሲሞከር ጊዜው ያልቃል፤ ሰውዬውም እየሄደ ስለሆነ ልክ ተብሎ የተገኘው ወዲያው ያረጃል። የሚሻለው የተወሰኑ አቅጣጫዎችን አስቀድሞ አዘጋጅቶ፣ ጥሩ የሚሠራውን መምረጥ ነው።

ለፌዙ ጥራት ገንዘብ መድፋት። ባለ1 ቢት ሰሌዳ (ፌዙን በ2 ደረጃ ብቻ የሚያስተካክል) ወደ 4 ዲሲቤል፣ ማለትም ከሲግናሉ ኃይል ከግማሽ በላይ፣ ያሳጣል። ባለ2 ቢት (4 ደረጃ) ግን የሚያሳጣው ከ1 ዲሲቤል በታች ነው። ከዚያ በላይ መክፈል ብዙም አያዋጣም፤ ትርፉን ገንዘብ ሰሌዳውን ለማስፋት ያውሉት።

መብራት አይፈልግም ብሎ ማሰብም ስህተት ነው፤ መቆጣጠሪያው መብራት ይበላል።

በሽታውን ሳይለዩ መትከል ግን የባሰ ነው። ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔቱ የሚንቀራፈፈው ሰው ስለበዛ ከሆነ፣ ሰሌዳው አዲስ ፍሪኩዌንሲ አይፈጥርም። ችግሩ ሕንፃ የጋረደው ጥግ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ከሪፒተር (ሲግናል ተቀብሎ አጉልቶ ከሚያስተላልፍ መሣሪያ) ጋር ያወዳድሩት። በኔትወርኩ የሚታዘዘው ዓይነት ሪፒተር የሞባይል ኔትወርክ ስታንዳርዶችን በሚያወጣው ኅብረት በ3ጂፒፒ፣ ሪሊዝ 18 (እትም 18) ላይ ስታንዳርድ ወጥቶለታል።