«ሃቭ» ሁልጊዜ «አለኝ» አይደለም

የማታ ተማሪዎችን እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ከግሶች ሁሉ አብዝቼ የማርመው «ሃቭ»ን ነው። ቀላል ስለሚመስል ማንም ተጨንቆ አያጠናውም። «አለኝ» ማለት ነው ብለው ሸምድደው ያልፉታል።

«ሺ ሃዝ» እንጂ «ሺ ሃቭ» እንደማይባል ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው።

እኔን የሚያንገበግበኝ «ዶንት ሃቭ ቱ» ነው። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ አሜሪካ ሄዳ ሰው ቤት ልጅ መጠበቅ ጀመረች። ሥራ በገባች በሁለተኛው ሳምንት አሠሪዋ «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ከም ቱሞሮው» አለቻት። ልጅቷ የሰማችው «ነገ መምጣት የለብሽም» ብላ ነው። የተባረረች መስሏት ስታለቅስ አደረች። ሴትዮዋ ግን «ነገ ባትመጪም ይቻላል» ነው ያለቻት። እረፍት እየሰጠቻት ነበር።

ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ልብ በሉ። «መጽሐፍ አለኝ» እንላለን፣ «መሄድ አለብኝ» እንላለን። ሁለቱም «አለ» ናቸው። እንግሊዝኛውም «ሃቭ» እና «ሃቭ ቱ» ይላል። እስከዚህ ድረስ አብረው ይሄዳሉ። የሚለያዩት አፍራሽ ሲሆኑ ነው። «መሄድ የለብህም» ስንል አብዛኛውን ጊዜ እየከለከልን ነው። «ዶንት ሃቭ ቱ» ግን አይከለክልም፤ ግዴታውን ብቻ ነው የሚያነሳላችሁ። ከፈለጋችሁ ሂዱ፣ ካልፈለጋችሁ ተዉት። መከልከል ስትፈልጉ «ማስት ኖት» በሉ።

የተገላቢጦሹም አለ። ጥበቃ ሆኖ የሚሠራ ተማሪ ነበረኝ። ለውጭ አገር እንግዶች «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ስሞክ ሂር» ይላቸዋል። ሲጋራቸውን አያጠፉም። ናቁኝ ብሎ ተቀይሞ መጣ። አልናቁትም። እሱ የነገራቸው «እዚህ የማጨስ ግዴታ የለባችሁም» ብሎ ነው። እባካችሁ ይቺን አንዷን ብቻ እንኳ ያዙልኝ።

ሁለተኛው «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» ነው። «ትናንት አይቼዋለሁ» በአማርኛ ምንም ችግር የለበትም፤ ለዚህ ነው ሳይታወቀን የሚያመልጠን። እንግሊዝኛ ግን ትናንት፣ ባለፈው ሳምንት፣ በ2015 ብላችሁ ጊዜውን ከቆረጣችሁት «ሃቭ»ን አይቀበልም። «አይ ሶው ሂም የስተርደይ» ነው የሚባለው። ይሄን እኔም ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ እንኳ ስሳሳት ኖሬያለሁ። አሁንም ስቸኩል ያመልጠኛል።

«ባሕር ዳር ሄጃለሁ» ለማለት «አይ ሃቭ ጎን» አትበሉ። እሱ ሄዶ ላልተመለሰ ሰው ነው። ሄዳችሁ ከተመለሳችሁ «አይ ሃቭ ቢን» ነው።

«መኪና አለኝ» ለማለት «አይ አም ሃቪንግ ኤ ካር»ም አይባልም። ምሳ እየበላችሁ ከሆነ ግን «አይ አም ሃቪንግ ላንች» ትክክል ነው።

ጀማሪዎች ራሳቸውን ሲያማቸው «ማይ ሄድ ኢዝ ሲክ» ይሉኛል። እወዳቸዋለሁ፤ ቢያንስ ደፍረው ይናገራሉ። «አይ ሃቭ ኤ ሄዴክ» በሉ።

አንዱ ተማሪዬ ደግሞ ጫማው እያብረቀረቀ ክፍል ገባ። «አይ ፖሊሽድ ማይ ሹዝ» አለኝ።

«ራስህ ነህ የጠረግከው?» አልኩት።

«ኧረ ቲቸር፣ ሊስትሮው ነው!»

እንደዚያ ከሆነ «አይ ሃድ ማይ ሹዝ ፖሊሽድ» ማለት ነበረበት። እኛ «ጠረግኩ»ን «አስጠረግኩ»፣ «አጠብኩ»ን «አሳጠብኩ» ብለን እንገላገላለን። እንግሊዝኛ ይሄን ሥራ ለ«ሃቭ» ሰጥቶታል። ለሌላ ሰው ሰጥታችሁ ያሠራችሁት ነገር ሲሆን መጀመሪያ የ«ሃቭ»ን ኃላፊ ጊዜ «ሃድ»ን በሉ፣ ዕቃውን አስከትሉ፣ የተሠራውን ሥራ መጨረሻ ላይ አምጡ። መኪና ስታሳጥቡ «ሃድ ማይ ካር ዋሽድ»፣ ፀጉር ስትቆረጡ «ሃድ ማይ ሄር ካት»።