ስሊቭ ስትሰሩ ሊክ እንዳይመጣባችሁ
ስሊቭ (ክብደት ለመቀነስ የጨጓራውን ትልቁን ክፍል ቆርጦ ቀጭን ቱቦ አድርጎ የማስቀረት ቀዶ ጥገና) ላይ ሁሉም የሚፈራው ሊክን (ከተሰፋው መስመር የጨጓራ ፈሳሽ መፍሰስን) ነው፣ እና ጀማሪ ሲሆኑ በስቴፕለር (ጨጓራውን እየቆረጠ በትናንሽ ብረቶች፣ በስቴፕል፣ የሚሰፋ መሣሪያ) የተሰፋውን መስመር ባጠነከሩ ቁጥር የሚድኑ ይመስላቸዋል። እኔ ግን የምላችሁ ሊኩ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ላይ ነው፣ የምግብ ቧንቧው ጨጓራውን የሚገናኝበት ጋ፣ ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ የተሰራው ታች ነው። ታች ከጠበበ ውስጡ ግፊት ይጨምራል፣ ግፊት ደግሞ ደካማ ቦታ ፈልጎ ነው የሚበሳው።

ሞራውን ከጨጓራው ስታላቅቁ ጣፊያው አጠገብ ያሉት አጫጭር ደም ስሮች ጋ ረጋ በሉ። ላይ ስትደርሱ ሃያታል ሄርኒያ (ጨጓራው በዲያፍራሙ ቀዳዳ ወደ ደረት መውጣት) ካለ እዛው ጠግኑት፣ ካለፋችሁት በኋላ በቃር ተመልሶ ይመጣል።

ከዛ ቡዢ፣ ስሊቩን ስትቆርጡ ለልክ በአፍ ወደ ጨጓራ የሚገባው ቱቦ። ብዙ ሰው ከ36 እስከ 40 ፍሬንች ነው የሚጠቀመው (3 ፍሬንች 1 ሚሊሜትር ነው፣ ስለዚህ 36ቱ 12 ሚሊሜትር ይወፍራል ማለት ነው)። በጣም ቀጭን አትምረጡ፣ የሊክ እድል ይጨምራል። የመጀመሪያውን ስቴፕል ከመተኮሳችሁ በፊት አኔስቴዥያውን በድምፅ ጠይቁ፣ ኤንጂ ቲዩብ (በአፍንጫ ወደ ጨጓራ የሚገባው ቱቦ) ወጥቷል? የሙቀት መለኪያውስ? "ወጥቷል" የሚል መልስ በጆሯችሁ ካልሰማችሁ አትተኩሱ፣ ቱቦውን ከጨጓራው ጋር አብረው የሰፉ ሰዎች አሉ፣ ቀልድ አይደለም።

ከፓይሎረስ (ከጨጓራው መውጫ) ከ4 እስከ 6 ሴንቲሜትር ርቃችሁ ጀምሩ። እዛ ጋ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ረጅም ስቴፕል ያለው ካርትሪጅ (ስቴፕለሩ ላይ የሚገባው የስቴፕል መያዣ) ነው የሚያስፈልገው፣ ወደ ላይ ስትወጡ ግድግዳው እየሳሳ ስለሚሄድ አጠር ያለውን ትቀይራላችሁ። ስቴፕለሩን ዝጉና ቢያንስ 15 ሰከንድ ጠብቁ፣ በስጋው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ተጨምቆ ይወጣል፣ ስቴፕሉም በደንብ ይታጠፋል። አሁን ዋናው ቦታ ኢንሲሱራው ነው፣ ጨጓራው የሚታጠፍበት። እዚህ ጋ ቡዢውን አትጠጉ፣ ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ ተዉት፣ ከመተኮሳችሁ በፊትም ቡዢውን ወደፊትና ወደኋላ አስነቅንቁት፣ ከያዘው ስቴፕለሩን ከፍታችሁ እንደገና አስተካክሉ። ረዳታችሁ የፊቱንና የጀርባውን ግድግዳ እኩል ይጎትት፣ አንዱን ብቻ ከሳበ መስመሩ እንደ ገመድ ይጠመዘዛል፣ ቡዢው ያልፋል ምግብ ግን አያልፍም። መጨረሻው ላይ ከምግብ ቧንቧው 1 ሴንቲሜትር ያህል ራቁ፣ ስስት እዚህ ጋ አያዋጣም።

መስመሩን በላዩ መስፋት ወይም ማጠናከሪያ ማድረግ መድማትን ይቀንሳል፣ ለሊክ ግን ያን ያህል አትመኩበት። ከመውጣታችሁ በፊት ደም ግፊቱን ወደ 140 ከፍ አስደርጉ፣ የሆዱን ጋዝ ግፊት ቀንሱና መስመሩን ከታች እስከ ላይ እዩት፣ ተደብቆ የነበረ ደም ያኔ ይታያል።

በሜቲሊን ብሉ (ሰማያዊ ቀለም) ወይም በአየር የሚደረገው ቴስት ንፁህ ሆነ ብላችሁ አትዘናጉ፣ ብዙ ሊክ ከቀናት በኋላ ነው የሚመጣው። የልብ ምቱ ከ120 በላይ ሆኖ ካልወረደ ትኩሳት እስኪመጣ አትጠብቁ ሲቲ አሰሩ፣ ሲቲው ንፁህ ሆኖ ሰውየው ካላማራችሁ ደግሞ መልሳችሁ በላፓራስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብታችሁ) ግቡና እዩት።