የማውጫ ሰርቨር የማረጋገጫ ዘዴውን ሲከለክል፦ ስህተቱን በጃቫ ፕሮግራም ውስጥ መያዝ

ከማውጫ ሰርቨር (የተጠቃሚዎችን መዝገብ ከሚይዝ ሰርቨር) ጋር በኤልዳፕ (ማውጫን ለመጠየቅ በሚያገለግለው ፕሮቶኮል) የሚነጋገር የጃቫ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁለት ስህተቶችን ለይቶ ማወቅ አለበት። አንደኛው የተጠቃሚው ስምና የይለፍ ቃል ሳይገጥሙ ሲቀሩ የሚመጣው ኮድ 49 ነው። ሌላው ሰርቨሩ ማንነቱ የቀረበበትን መንገድ ራሱን ሳይቀበል ሲቀር የሚመጣ ሲሆን፣ ጄኤንዲአይ (ጃቫ ከማውጫዎች ጋር የሚነጋገርበት ላይብረሪ) ለዚህ «ኦተንቲኬሽን ኖት ሰፖርትድ ኤክሴፕሽን» የተባለውን ክላስ ይወረውራል። በዚህ ጊዜ ተጠቃሚውን «የይለፍ ቃልዎን እንደገና ያስገቡ» ማለት ከንቱ ነው፤ አሥር ጊዜ አስተካክሎ ቢጽፍም መልሱ ያው ነው።

በመጀመሪያ የካች ብሎኮቹን ይመልከቱ። ይህ ክላስና ለኮድ 49 የሚወረወረው «ኦተንቲኬሽን ኤክሴፕሽን» ስማቸው ቢቀራረብም አንዱ የሌላው ልጅ አይደለም፤ ሁለቱም የሚወርሱት ከ«ኔሚንግ ሴኩሪቲ ኤክሴፕሽን» ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ብቻ የሚይዝ ፕሮግራም የመጀመሪያውን ያሳልፈዋል፤ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ብሎክ ይጻፉ።

ቀጥሎ በመልእክቱ ውስጥ ያለውን ቁጥር ያንብቡ፤ በአንድ ክላስ ስም አራት የተለያዩ ምክንያቶች ይመጣሉና። 7 ሰርቨሩ የተጠየቀውን ዘዴ እንደማይደግፍ፣ 8 የበለጠ ጠንካራ ማረጋገጫ እንደሚፈልግ፣ 13 ግንኙነቱ መመስጠር እንዳለበት ይናገራሉ። 48 ደግሞ ዘዴው ለጉዳዩ አግባብ አለመሆኑን ያመለክታል፤ ለምሳሌ ኦፕንኤልዳፕ ስም የለሽ መግቢያ ሲከለከልበት ይህን ቁጥር ይመልሳል። መልእክቱ ቁጥር ሳይኖረው የሳስል (የተለያዩ የማረጋገጫ ዘዴዎችን የሚያስተናግድ ማዕቀፍ) ዘዴ ስም ብቻ ከያዘ ግን ዘዴውን ያጣው የራስዎ ጃቫ ነውና ሰርቨሩን አይውቀሱ።

ኮድ 13 ከሌሎቹ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ሰርቨሩ «መጀመሪያ መስጥር» ብሎ እምቢ ያለው ጥያቄው ከደረሰው በኋላ ነው፤ ማረጋገጫው «ሲምፕል» (ስምና የይለፍ ቃልን እንዳሉ የሚልከው ዘዴ) ከነበረ የይለፍ ቃሉ ሳይመሰጠር በኔትወርኩ ላይ አልፏል ማለት ነው። ስህተቱ ሲታይ ወደ ቲኤልኤስ (ግንኙነትን ወደሚመሰጥረው ፕሮቶኮል) ቀይሮ እንደገና መሞከር ያለፈውን አይመልስምና ቅደም ተከተሉን ከሥሩ ማስተካከል ይገባል። ቀላሉ መንገድ ከመነሻው የተመሰጠረውን ፖርት 636 መጠቀም ነው። በፖርት 389 ላይ ስታርት ቲኤልኤስን (ሳይመሰጠር የተከፈተን ግንኙነት ወደ ቲኤልኤስ የሚያሸጋግረውን ጥያቄ) ከመረጡ ግን ኮንቴክስቱን (ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኝዎትን የጄኤንዲአይ ኦብጀክት) ያለ ስምና ያለ የይለፍ ቃል ይክፈቱ፤ የስታርት ቲኤልኤስ ጥያቄውን ልከው የ«ኔጎሺዬት» ሜተዱን ይጥሩ፤ የማረጋገጫውን ዓይነት፣ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ወደ ኢንቫይሮንመንቱ (ወደ ኮንቴክስቱ የቅንብር ሰንጠረዥ) የሚጨምሩት ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። ሲጨምሯቸው ወዲያው ወደ ሰርቨሩ አይሄዱም። ስለዚህ ስህተቱ ምንም ባልጠረጠሩት የፍለጋ መስመር ላይ ብቅ እንዳይል ማረጋገጫውን ወዲያው የሚያስልከውን «ሪኮኔክት»ን በዚያው ትራይ ብሎክ ውስጥ ይጥሩ።

ለኮድ 7 መፍትሔው መገመት ሳይሆን መጠየቅ ነው። ሰርቨሩ የሚቀበላቸውን የሳስል ዘዴዎች ስሙ ባዶ በሆነው የሥር መዝገብ ውስጥ፣ «ሰፖርትድ ሳስል ሜካኒዝምስ» በሚባለው አትሪቢዩት ይዘረዝራል። ይህ አትሪቢዩት በስሙ ካልተጠየቀ ላይመጣ ይችላል። ዝርዝሩን ከቲኤልኤስ በኋላ ዳግመኛ ያንብቡት፤ «ኤክስተርናል»ን (ለምሳሌ በቲኤልኤስ ሰርተፍኬት ማንነትን የሚያረጋግጠውን) የመሰለ ዘዴ ከምስጠራው በኋላ ብቻ ሊታይ ይችላል፣ ሳይመሰጠር የተነበበ ዝርዝርም በመንገድ ላይ ሊነካካ ይችላል። በዝርዝሩ ውስጥ ዳይጀስት ኤምዲ5 የተባለውን የቆየ የሳስል ዘዴ ቢያገኙም አይምረጡት፤ እ.ኤ.አ. በ2011 አርኤፍሲ 6331 በተባለው የኢንተርኔት ደረጃዎች ሰነድ ጊዜ ያለፈበት ተብሏል።

ፕሮግራሙ ጠንካራው ዘዴ ሲከለከል በራሱ ወደ ደካማው እንዲወርድ ማድረግ፣ በእኔ እምነት፣ ከስህተቱ የከፋ ስህተት ነው። የተፈቀዱትን ዘዴዎች በኮንፊገሬሽን ፋይል ወስነው፣ ከእነዚያ አንዱም ካልተገኘ ሥራውን ያቁሙ። በሎጉ ላይ የሰርቨሩን አድራሻ፣ የተሞከረውን ዘዴና የኮዱን ቁጥር ይጻፉ እንጂ የኢንቫይሮንመንቱን ሰንጠረዥ እንዳለ አያትሙ፤ የይለፍ ቃሉ የተቀመጠው እዚያው ውስጥ ነው።