የዜኦላይትን ቀዳዳ ስናሰፋ የሚገጥሙን ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ዜኦላይት ከሲሊከን፣ ከአሉሚኒየምና ከኦክስጅን የተሠራ፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ክሪስታል ነው፤ ኬሚካላዊ ለውጥን ያፋጥናል። ዜድኤስኤም-5 የተባለው ዓይነት ቀዳዳው ስፋቱ 0.55 ናኖሜትር ያህል ብቻ ነው። ትልልቅ ሞለኪውሎች እዚያ ውስጥ ሲገቡ ሐረጎ ዳገት ላይ ከተበላሸ ተሳቢ ኋላ እንደተሰለፉ መኪናዎች ይሆናሉ። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከሲሊከኑ ከፊሉን አጥበን ከ2 እስከ 50 ናኖሜትር የሚደርስ መንገድ የምንከፍተው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ችግር፦ የዜኦላይቱ ዱቄት ከግማሽ በላይ ጠፋ፣ የቀረውም በኤክስሬይ ሲታይ ክሪስታሉ ፈርሷል። ኮምቦልቻ ላብራቶሪያችን ውስጥ ደጋግሜ የማየው ይህንኑ ነው። ሲሶ ያህል ቢቀንስ አያስደነግጥም፤ ከዚያ ካለፈ ግን ሰዓቱንና ሙቀቱን መርምሩ። አንድ ተማሪ 3 ግራም አስገብቶ 1 ግራም እንኳ የማይሞላ አወጣ። «መምህር፣ 30 ደቂቃውን በሰዓት ነው የያዝኩት» አለኝ። እውነቱን ነበር። ነገር ግን የማሞቂያውን ቁልፍ በግምት አዙሮ ቴርሞሜትሩን ጠረጴዛው ላይ ትቶታል። ስለካው ፈሳሹ 83 ዲግሪ ደርሷል። ትኩሱን እንዳለ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ገለበጠው፤ ደቃቁ ዱቄት ወረቀቱን ደፈነውና ጠብ ጠብ እያለ ሌላ 40 ደቂቃ ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ሲሊከኑን መብላቱን አላቆመም።

መፍትሄው፦ ለ1 ግራም ዱቄት 30 ሚሊ ሊትር ባለ 0.2 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ 65 ዲግሪ፣ 30 ደቂቃ። ቴርሞሜትሩ ፈሳሹ ውስጥ ይሁን። በረዶው ዱቄቱ ከመግባቱ በፊት ይዘጋጅ፤ እኛ ከጁስ ቤት እንገዛለን፣ በኮምቦልቻ ሙቀት ግን ከጠዋት ተገዝቶ አይቆይም። ሰዓቱ እንደሞላ ዕቃውን በሙሉ በረዶው ውስጥ ንከሩት፤ ማጣራቱ ከዚያ በኋላ ነው። የማጠቢያው ውሃ ፒኤች 7 እስኪሆን እጠቡ። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፤ ብርጭቆው ራሱ ሲሊካ ስለሆነ ይሟሟል። መነጽር ሳታደርጉ አትጀምሩ!

ሁለተኛው ችግር፦ ምንም ቀዳዳ አልተከፈተም። የሲሊከንና የአሉሚኒየም ጥምርታ ከ20 በታች ከሆነ አሉሚኒየሙ ሲሊከኑን ይከላከልለታል። ከ50 በላይ ከሆነ ደግሞ ያለ ልክ ይሟሟል። ለዚህ ሥራ የሚመቸው ከ25 እስከ 50 ያለው ነው። ጥምርታው ያልተጻፈበትን ዱቄት አትቀበሉ፤ ሻጩ «ያው ዜኦላይት ነው» ቢላችሁም መልሱለት። ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድም ከአየር እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ ሚዛኑ የሚያሳየውን ያህል ኃይል የለውም። ክዳን መዝጋት ምን ይከብዳል?

ሦስተኛው ችግር፦ ቀዳዳው ሰፍቶ የዜኦላይቱ የማፋጠን ሥራ ደከመ። ወይ ከሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ የገባው ሶዲየም አልወጣም፣ ወይ ከአሉሚኒየም የተረፈ ፍርስራሽ ጠባቦቹን ቀዳዳዎች ዘግቷል። ፍርስራሹን በ0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በ65 ዲግሪ፣ ለ6 ሰዓት እጠቡት። ቀጥሎ ሶዲየሙን በአሞኒየም ናይትሬት ውህድ 3 ጊዜ በአሞኒየም ለውጡት፣ ዱቄቱን በ550 ዲግሪ ለ5 ሰዓት አቃጥሉት። አሞኒየም ናይትሬቱ በደንብ ሳይታጠብ ምድጃ ውስጥ አይግባ፤ ይፈነዳል። መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ማቃጠሉን ቀስ ብላችሁ ከመጀመሪያው ድገሙት።

የቀዳዳውን ስፋት ናይትሮጅን ጋዝ እያስገባን እያስወጣን ስንለካ በግራፉ ላይ 4 ናኖሜትር አካባቢ ቀጭን ጫፍ ከታየ፦ አብዛኛውን ጊዜ የናይትሮጅኑ የራሱ ጠባይ ነው፤ ስፋቱን ጋዙ ሲወጣ ሳይሆን ሲገባ ከሚሰጠው መስመር አንብቡ።