ጎንደር የተረሳ ኤሲ መተማ ይፈለጋል

የመኪና ኤሲ፣ ማለትም አየር ማቀዝቀዣው፣ ጎንደር ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈት ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው መስኮት ዝቅ ማድረግ ይበቃዋል። ጣት ወደ ኤሲው ቁልፍ የሚሄደው በመተማ መንገድ አይከል ታልፎ፣ ቁልቁለቱ ተገባዶ፣ የቆላው ወበቅ ፊትን ሲገርፍ ነው። የእኔም ጣት መጋቢት ላይ እዚያው ሄደ። ነፋሱ መጣ፤ ግን ሙቅ ነበር። ስመለስ የወሰድኩበት ጋራዥ «ጋዝ አልቋል» ብሎ ሞላልኝ። ወር ሳይደፍን እንደገና ሞቀ።

ያሳሳተኝ «አልቋል» የሚለው ቃል ነው። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን እየነደደ አያልቅም። ኮምፕሬሰሩ ይጨምቀዋል፤ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን አራግፎ ፈሳሽ ያደርገዋል፤ ከክሩስኮቱ ጀርባ ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ ሲተን ደግሞ የጋቢናውን ሙቀት ይዞ ይወጣል። መንገዱ ዝግ ነው። ጋዙ ከጎደለ የወጣበት ቦታ አለ፤ ያ ቦታ ሳይገኝ መሙላት በተሰነጠቀ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው።

ኤሲው ሲበራ ኮምፕሬሰሩ ዝም ካለ

በአብዛኞቹ መኪኖች ኤሲ ሲበራ ከኮፈኑ ሥር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ኮምፕሬሰሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው የራሱ ክላች ሲይዝ ነው። ካልተሰማ መጀመሪያ ፊውዙን ይዩ፤ ቀጥሎ ሪሌውን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን ትንሽ ሳጥን። የጥሩምባው ሪሌ ተመሳሳይ ቁጥር ካለው አቀያይሮ መሞከር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ጋዙ ከመጠን በታች ወርዶ የግፊት መቆጣጠሪያው ሆን ብሎ ኮምፕሬሰሩን አግዶት ሊሆን ይችላል። መቆጣጠሪያውን በሽቦ አገናኝተው የሚያስነሡ አሉ፤ እርስዎ አይሞክሩት። ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚዞረው ከጋዙ ጋር ነው። ያለ ጋዝ የሚሽከረከር ኮምፕሬሰር ራሱን በልቶ ብናኙን በመስመሩ ሁሉ ይበትናል።

በየጥቂት ሰከንዱ የሚነሣና የሚጠፋ ከሆነ

ክላቹ «ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ ሲመላለስና ቅዝቃዜው ሲደክም ዋናው ተጠርጣሪ የጋዝ መጉደል ነው። የሚያፈሰውን ቦታ ለማግኘት ከዓይን ይጀምሩ። ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ አቧራ የያዘ ቅባታማ ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል። ከዚያ ጎሚስታ ካላማዳሪያ እንደሚፈትሸው የሳሙና አረፋ በብሩሽ ይቀቡ። የቱቦ መገጣጠሚያዎችን፣ ጠጠር የሚመታውን የኮንደንሰር ፊት፣ የመሙያ አፎቹንም ሳይቀር ይዩ። በእሳት ነበልባል ፈጽሞ አይፈልጉ፤ ጋዙ እሳት ሲነካው ወደ መርዛማና አሲዳማ ጋዝ ይለወጣል።

የእኔ መኪና ያፈስስ የነበረው ከኮምፕሬሰሩ አንገት፣ ከክላቹ ጀርባ ነበር። እዚያ ያለው የጎማ ማሸጊያ በዘይት ሲረጥብ ነው በደንብ የሚዘጋው። ለወራት ኤሲ ካልተከፈተ ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጎማው ይደርቃል። አየሩ ደጋ ስለሆነ ኤሲ አልከፍትም ያልኩበት ቁጠባ ነው ማሸጊያውን የበላው። ማሸጊያ ሲቀየር ለኤሲ የተሠራ መሆን አለበት፤ ተራው ጎማ ጋዙንና ዘይቱን አይችልም።

ራስዎ ሲሞሉ

ኮፈኑ ሥር ያለውን ወረቀት ያንብቡ። የጋዙን ዓይነትና መጠኑን በግራም ይነግራል። በእጃችን ያሉት አብዛኞቹ መኪኖች አር-134ኤ ይጠቀማሉ። ሌላ ዓይነት ከተጻፈ አይቀላቅሉ፤ የማብሰያ ጋዝማ ጨርሶ አይታሰብም። መኪናው ኤሌክትሪክ ወይም ሃይብሪድ ከሆነ እዚሁ ያቁሙ። ኮምፕሬሰሩ በአደገኛ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሊሠራ ይችላል፤ ዘይቱም የተለየ ነው።

መስመሩ ተከፍቶ ከነበረ ወይም ባዶ ከሆነ በቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ አየሩና እርጥበቱ መሳብ አለበት። እዚህ ላይ የጎንደር ከፍታ አንድ ሰው ፓምፑን ያለጥፋቱ እንዲጥል ያደርገዋል። መመሪያዎቹ የግፊት መለኪያው ከዜሮ በታች ወደ 29 ኢንች (የሜርኩሪ) ይውረድ ይላሉ፤ ያ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። እኛ ዘንድ የአየሩ ግፊት ራሱ ስለሚያንስ መርፌው 23 አካባቢ ሲደርስ ከዚያ በላይ የሚወርድበት የለውም። ፓምፑ ጠፍቶ መርፌው ባለበት ከቆየ መስመሩ ታሽጓል።

መነጽርና ጓንት ያድርጉ፤ ይህ ጋዝ ሲለቀቅ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ዓይንን ያጠፋል። የጋዝ ቆርቆሮውን ቱቦ የሚገጥሙት በወፍራሙ፣ ሲነኩት በሚቀዘቅዘው የዝቅተኛ ግፊት ቧንቧ ላይ ብቻ ነው። በከፍተኛው በኩል ከተገጠመ ቆርቆሮው ሊፈነዳ ይችላል። ሞተሩ ተነሥቶ፣ ኤሲው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ቆርቆሮው ቀጥ ብሎ ቆሞ በትንሽ በትንሹ ይልቀቁ።

መጠኑን በግፊት መለኪያ ብቻ አይገምቱ። እኔ አንድ የቀዘቀዘ ማለዳ ግቢያችን ውስጥ ስሞላ መርፌው ዝቅ ብሎ ስላየሁት ጨመርኩ፤ ደግሜ ጨመርኩ። ለካ ዝቅ ያደረገው ብርዱ ነው። ያው መኪና ቆላ ሲወርድ ግፊቱ ጣሪያ ነክቶ ኮምፕሬሰሩ በየደቂቃው ይጠፋ ጀመር። ሞተሩ ጠፍቶ ሲያድር የሚታየው ንባብም እንዲሁ ያታልላል። በ20 ዲግሪ ወደ 70 ፒኤስአይ ከሆነ ውስጡ ፈሳሽ ጋዝ መኖሩን ይነግርዎታል፤ 100 ግራም ይሁን 500 ግን አይለይም። ስለዚህ ባዶ መስመር የሚሞላው በሚዛን ነው። አሁን ቆርቆሮውን የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አቁሜ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ግራም ያህል ሲቀልልኝ እዘጋለሁ። ባለቤቴ ሚዛኑን እስካሁን አልመለሰችም፤ ለኬክ ሌላ ገዛች።

ጋዝ እንደያዘ የጎደለውን መኪና ግን ሚዛን አያድነውም፤ የቀረው ስንት እንደሆነ አይታወቅም። ከበዛም ወደ አየር አይልቀቁት፤ በክብደት ሲነጻጸር ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃል። ሁለቱንም መምጠጫ ማሽን ያለው ጋራዥ ይሥራቸው።

ሲሄድ እየቀዘቀዘ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ

ጋዝ አይንኩ። የኮንደንሰሩ ፋን መዞሩን ይዩ፤ ኮንደንሰሩ ላይ የተለጠፈውን አቧራና ነፍሳት በቀስታ በሚፈስ ውኃ ያጥቡ። የግፊት ማጠቢያ ስስ ክንፎቹን ያጣጥፋል።

ነፋሱ ቀዝቅዞ ጉልበት ካጣ

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጋቢናው አየር ማጣሪያ ነው። ብዙ ጊዜ ከፊት ለፊቱ መሳቢያ ጀርባ ይገኛል፤ የኔን ሳወጣው ቀለሙ አይለይም ነበር።

መኪናው ሥር ውኃ ከተንጠባጠበ

ብልሽት አይደለም፤ ከአየሩ የተጨመቀ እርጥበት ነው። ውኃው ውጪ መንጠባጠቡን ትቶ ምንጣፉን ካረጠበ ግን የማፍሰሻው ቱቦ ተደፍኗል።

እኔ አሁን በየሁለት ሳምንቱ ኤሲውን አሥር ደቂቃ እከፍታለሁ፤ አዘዞ ለመድረስ የሚፈጅብኝ ያህል ነው። ክረምት ላይ ወደ ዳባት ስወጣና ጉሙ መስታወቱን ሲያለብሰው ከማሞቂያው ጋር አብሬ አበራዋለሁ፤ አየሩን ስለሚያደርቀው መስታወቱ ወዲያው ይጠራል።