ለቤት እባብ የሚያምር የመስታወት ቤት እንዴት ይዘጋጃል?

ልጄ እባብ ማሳደግ እፈልጋለሁ ሲለኝ እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ውበቱ ነበር። ሳሎን ነው የሚቀመጠው፣ እንግዳ ያየዋል ብዬ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ቅርንጫፉና ስለ መብራቱ ተጨነቅኩ። እባቡ ግን መደበቂያ አልነበረውም። ምግብ እምቢ አለ። ሌሊቱን ሙሉ መስታወቱን በአፍንጫው እየገፋ መውጫ ሲፈልግ ያድር ነበር። መደበቂያ ባስገባንለት በሳምንቱ በላ። አሁን ሲመሽ በራሱ ጊዜ ብቅ ይላል፣ እኛም ቁጭ ብለን እናየዋለን። እባብ እንዲታይላችሁ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የሚደበቅበትን ስጡት።

የኛው ኮርን ስኔክ የሚባለው የእባብ ዓይነት ነው። አገሩ የአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ነው፣ መርዝ የለውም፣ ጠባዩም የረጋ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል አላውቅም። ግን ሲያድግ እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ 20 ዓመትም ሊኖር ይችላል። አስባችሁ ግቡበት።

ከመግዛታችሁ በፊት የምትኖሩበትን አካባቢ ሕግ እዩ። ሃዋይ ውስጥ እባብ ማሳደግ ጭራሽ ክልክል ነው። አትላንታና አካባቢዋ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፦ ጆርጂያ የግዛቷን መርዝ አልባ እባቦች ያለ ፈቃድ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ትከለክላለች፣ ኮርን ስኔክም አንዱ ነው። ተከራይ ከሆናችሁ የኪራይ ውላችሁንም አንብቡ።

ሳጥኑ

ለአዋቂ ኮርን ስኔክ ርዝመቱ 120፣ ስፋቱ 60፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ጥሩ ነው። ከፊት የሚከፈት ተንሸራታች መስታወት ያለውን ምረጡ። እባብ ከላይ የሚመጣበትን ነገር ይፈራል፣ ጭልፊት የሚወርድበት ከላይ ነውና። ክዳኑን ከላይ ከፍታችሁ እጃችሁን ስትሰዱ ለሱ ያው ጭልፊት ናችሁ።

ተንሸራታቹ መስታወት ቁልፍ ይኑረው። የኤሌክትሪክ ገመድ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎችም ድፈኑ። የኛው በሁለተኛው ሳምንት ከእንዲህ ያለች ቀዳዳ ሾልኮ ወጣ። ሦስት ቀን ቤቱን ገለባብጠን ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጀርባ ተጠቅልሎ አገኘነው። እርሳስ የምታሳልፍ ቀዳዳ ለግልገል እባብ በር ናት።

ሳጥኑን መስኮት አጠገብ አታስቀምጡ። ፀሐይ በመስታወት በኩል ስትገባ ውስጡን በአጭር ጊዜ ምድጃ ታደርገዋለች።

ሙቀቱ

እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። እባብ እንደኛ የራሱን ሙቀት አያመነጭም። የበላውን ለመፍጨት እንኳ የውጭ ሙቀት ያስፈልገዋል። ስለዚህ የሳጥኑ አንድ ጫፍ ሞቃት፣ ሌላው ቀዝቀዝ ያለ ይሁን። በሞቃቱ በኩል የሚጋደምበት ቦታ ከ30 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በቀዝቃዛው በኩል ከ22 እስከ 24። የሚስማማውን እሱ ራሱ እየተንቀሳቀሰ ይመርጣል።

ለማሞቂያ ሃሎጅን አምፖል ይበቃል። ሳጥኑ ውስጥ ከሆነ እባቡ እንዳይጠመጠምበት ዙሪያውን በሽቦ ከልሉት። ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን እየለካ የሚቆጣጠር መሣሪያ፣ የግድ ነው። የቴርሞስታቱን መለኪያ ጫፍ አምፖሉ ሥር፣ እባቡ የሚተኛበት ቦታ ላይ አድርጉት። ራቅ ካደረጋችሁት ማሽኑ ብርድ መስሎት ያለ ልክ ያሞቃል። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ድንጋይ ቢሰጧችሁም አትግዙ፣ የእባቡን ሆድ ያቃጥላል። መብራቱን ማታ አጥፉት፣ ጨለማም ያስፈልገዋል።

ወለሉና መደበቂያው

ወለሉ ላይ የአስፐን እንጨት ፍቅፋቂ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አልብሱ። ኮርን ስኔክ ውስጡ መሽሎክሎክ ይወዳል። የሴዳር ፍቅፋቂ ግን በፍጹም አይሁን። ጥድ ሲጠረብ የሚወጣውን ጠንካራ ሽታ ታውቁታላችሁ፤ እንዲህ ያለው የእንጨት ዘይት የእባቡን መተንፈሻ ይጎዳል።

መደበቂያው ሁለት ይሁን፣ አንዱ በሞቃቱ፣ አንዱ በቀዝቃዛው በኩል። አንድ ብቻ ከሆነ እባቡ ከሙቀትና ከመደበቅ አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል። ጠበብ ያለ ይሁን፣ ሲጠቀለል ጎኑ ግድግዳውን ቢነካው ደስ ይለዋል። ውሃውን ከባድ ሳህን ውስጥ አድርጉለት፣ እንዳይገለብጠው።

አሁን ወደ ማስዋቡ። ከባድ ድንጋይ በቀጥታ ሳጥኑ ወለል ላይ ይቀመጥ፣ ፍቅፋቂው ከዚያ በኋላ ይፍሰስ። ድንጋዩ ፍቅፋቂ ላይ ከሆነ እባቡ ሥሩን ሲቆፍር ሊደፈጥጠው ይችላል። ቅርንጫፉን እጃችሁን ጭናችሁ ፈትሹት፣ ከተወዛወዘ እሰሩት። የፕላስቲክ ቅጠል ምንም ችግር የለውም፤ ጥግ ጥጉን ሸፈን ሲያደርግለት እባቡ ደፍሮ ይወጣል።

ከመግባቱ በፊትና በኋላ

ባዶውን ሳጥን ለሁለት ሦስት ቀን አብርታችሁ ሙቀቱን ጠዋትና ማታ መዝግቡ። ሳይስተካከል እባቡን አታምጡ። ሲገባም አንድ ሳምንት ያህል ተዉት፣ አትንኩት። ከዚያ በበረዶ የቆየ የሞተ አይጥ በረዶው በደንብ ሲለቅ ስጡት። ከበላ በኋላ ሁለት ቀን አታንሱት፣ የበላውን ሊመልሰው ይችላል። እባቡን ወይም ሳጥኑን በነካችሁ ቁጥር እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ሊያስተላልፍ ይችላልና። በተለይ ሕፃናት ካሉ ይህን አትርሱ።

አንድ ቀን ዓይኑ ደብዝዞ ሰማያዊ ግራጫ ሲሆን ታያላችሁ። አትደንግጡ፣ አሮጌ ቆዳውን ሊጥል ነው። በዚህ ጊዜ ከመደበቂያዎቹ አንዱ ውስጥ እርጥብ ሳር መሰል ሞስ አድርጉለት። እባብ የዓይን ቆብ የለውም። ዓይኑን የሚሸፍነው ቀጭን ቅርፊት ነው፣ እሱም ከቆዳው ጋር አብሮ መውጣት አለበት። የጣለውን ቆዳ አንስታችሁ ጭንቅላቱ ጋ ወደ ብርሃን ያዙት። እንደ ሰዓት መስታወት ያሉ ሁለት ክብ ነገሮች ካያችሁ በደንብ ወጥቷል ማለት ነው።