ፎቶዬ ውስጥ የተደበቀው አድራሻ

ባለፈው ሳምንት ሶፋ ልሸጥ ብዬ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ለአንድ ገዢ ላክሁለት። ጥራቱ እንዳይቀንስ በፋይል ነበር የላክሁት። ትንሽ ቆይቶ «ቤትሽ ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ ነው አይደል?» ሲለኝ ክው አልኩ። ሰፈሬን እንኳ አልነገርኩትም!

ማታ ያንኑ ፎቶ በጉግል ፎቶስ ከፍቼ ወደ ላይ ሳብ ሳደርገው ካርታ ወጣ። ምልክቱ ያረፈው ግቢያችን ላይ ነው። ለካ ካሜራዬ በየፎቶው ውስጥ ቀኑን፣ የስልኩን ሞዴልና የተነሳበትን ቦታ ይጽፋል። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልክ ስለሚጨምቀው ይህ መረጃ ይጠፋል። በፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ያልፋል።

መጀመሪያ የላክሁትን ከሁለታችንም በኩል አጠፋሁት። አውርዶት ከሆነ ግን እሱ ጋ ይቀራል፤ ይሄ እስካሁን ያናድደኛል። ከዚያ ካሜራውን ከፍቼ ሴቲንግ ውስጥ ሎኬሽን የሚለውን ዘጋሁ። አይፎን የያዛችሁ በካሜራው ሳይሆን በስልኩ ሴቲንግ ነው የምትገቡት፤ ፕራይቨሲ፣ ቀጥሎ ሎኬሽን ሰርቪስስ፣ እዚያ ካሜራን «ኔቨር» ማድረግ።

ልብ በሉ፣ ይህ የሚሠራው ከአሁን በኋላ ለሚነሱት ብቻ ነው። የድሮዎቹ ቦታውን እንደያዙ ናቸው። የድሮ ፎቶ መላክ ካለብኝ ስክሪንሾት አንስቼ እሱን እልካለሁ።

እህቴ የልጆቿን ፎቶ ለማንም በፋይል ነው የምትልከው። ትናንት ቡና ልንጠጣ ስንቀመጥ ስልኳን ተቀብዬ የሷንም ዘጋሁላት።